ደም የጠማው ዓይን እና ሁለቱ የተሳሳቱ መልሶች

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአዛውንቶችን ዓይን የሚያስበሉ ሁለት አጫጭር መልሶች አሉ። አንደኛው «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የደም ዝውውር ችግር ነው፤ ይህችን እንክብል ይውሰዱ» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ተስፋ ያስቆርጣል፤ ሁለተኛው ተስፋ ይሸጣል። የሚያስቸግረው ሁለቱም ውስጥ ጥቂት እውነት መኖሩ ነው። ፈጽሞ ውሸት ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን በተነቃባቸው ነበር።

የሚወራለት በሽታ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማኩላ መጎዳት ይባላል። ማኩላ በዓይን የውስጠኛ ግድግዳ፣ በሬቲና መሃል የምትገኝ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ቦታ ናት። ሰው የሰው ፊት የሚለየው፣ ፊደል የሚያነበው፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የሚያስገባው በእርሷ ነው። እርሷ ስትጎዳ ዳር ዳሩ ይታያል፣ መሃሉ ይጠፋል። ሰውየው ግቢውን ዞሮ ይገባል፤ ወንበር አይስትም። ነገር ግን ሰላም የሚለውን ሰው ማንነት በድምፁ ካልሆነ አይለይም፤ የብር ኖቱን በጣቱ እየዳበሰ ይቆጥራል፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እንዲያነብለት።

በ2014 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ስሌት፣ በ2020 በዓለም 196 ሚሊዮን ሰዎች ቀላልም ይሁን ከባድ የዚህ በሽታ ደረጃ እንደሚኖርባቸው፣ በ2040 ደግሞ ቁጥሩ 288 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል። በሽታው ከአውሮፓ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ይህ ማለት ግን ሌላውን ይምራል ማለት አይደለም።

ስም ያላገኘ በሽታ

በኢትዮጵያ በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። መንስኤዎቹ ሲደረደሩ የዓይን ሞራ 49.9 በመቶ ይዞ አንደኛ ነው። ትራኮማ ያመጣው የብሌን ጠባሳ 11.5 በመቶ ነው። ዝቅ ሲባል ግላኮማ 5.2 በመቶ፣ የማኩላ መጎዳት 4.8 በመቶ ላይ ተቀምጠዋል።

በሁለቱ መጨረሻዎች መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በሰው አፍ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ሞራን የገጠር እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ስም አለው፣ «ይገፈፋል» ተብሎ ይጠበቃል። ትራኮማ ዘመቻ አለው፣ ፊት መታጠብ የሚያስተምር ፖስተር አለው። ግላኮማም ቢሆን ቢያንስ ስሙ ይሰማል። የማኩላ መጎዳት ግን በዕለታዊው አማርኛ የራሱ ስም የለውም። ያለው ስም «እርጅና» ብቻ ነው።

ይህ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስም ያላገኘ በሽታ ሐኪም ቤት አያስኬድም፣ በጀት አያስይዝም፣ ቅሬታ አያስነሳም። አባት «መሃሉ አይታየኝም» ሲሉ ልጅ «ሰባ ዓመትዎ እኮ ነው» ብሎ ያጽናናል፤ ጉዳዩም እዚያው ይዘጋል። ያ ማጽናኛ ምን ያህል ስህተት እንደሆነ ለማየት ከሬቲና ጀርባ ያለውን የደም መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

ከሬቲና ጀርባ

ብርሃን የሚቀበሉት የሬቲና ሴሎች በሰውነት ውስጥ ከፍተኛ ኦክስጅን ከሚበሉት መካከል ናቸው። በየቀኑ ከጫፋቸው አንድ አሥረኛ ያህሉን እየጣሉ በአዲስ ይተካሉ። የጣሉትን የሚያነሳው ከሥራቸው የተነጠፈ ባለ ቀለም ሴሎች ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ዕድሜ ልኩን ሲጠርግና ሲያበስል የሚውል የቤት ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ምግብ ከኋላ ተቀብሎ ወደ ፊት ያደርሳል፣ ቆሻሻ ከፊት ተቀብሎ ወደ ኋላ ያስወጣል።

ምግብ የሚመጣበትና ቆሻሻ የሚወጣበት ያ የኋላ መንገድ ኮሮይድ የሚባል የደም ስሮች ምንጣፍ ነው። ወደ ዓይን ከሚገባው ደም አብዛኛው የሚሄደው ወደ እርሱ ነው። የማኩላ እምብርት ደግሞ የራሷ የሬቲና ደም ስር የላትም። ደም ስር ብርሃኑን እንዳይጋርድባት ተብሎ ቦታው ባዶ ተደርጓል። ስለዚህ ኑሮዋ በሙሉ ከኋላ በሚመጣው ደም ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሌላው የሬቲና ክፍል ሁለት መንገድ ሲኖረው እርሷ ያላት አንድ ነው።

ያ መንገድ ከዕድሜ ጋር ይጠባል። በ1994 የታተመ የአስከሬን ዓይኖች ጥናት የኮሮይድ ውፍረት በልደት ጊዜ ከነበረው 200 ማይክሮን በ90 ዓመት ዕድሜ ወደ 80 ማይክሮን እንደሚወርድ አሳይቷል። በደም ስሮቹና በቀለም ሴሎቹ መካከል ያለው ስስ መጋረጃም በዕድሜ ይወፍራል፣ ስብ ይቋጥራል። ያልተጠረገው ቆሻሻ በዚያ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ እየሆነ ይከማቻል፤ ሐኪሞች ድሩዘን ይሉታል። ድሩዘን የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ነው።

እዚህ ድረስ «እርጅና ነው» የሚለው ሰው ትክክል ይመስላል። ጥያቄው ግን ሁሉም ሰው ሲያረጅ ሁሉም ማኩላ ለምን አይጠፋም የሚለው ነው።

የተቆጠረው ደም

በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በሁዋን ግሩንዋልድ የሚመራ ቡድን ይህን በሌዘር መለካት ጀመረ። ደካማ የሌዘር ጨረር ወደ ማኩላ እምብርት ይላካል፤ ከሚንቀሳቀሱ የደም ሴሎች ተመልሶ ሲመጣ የደሙ ፍጥነትና መጠን ይሰላል። በ1998 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት በሽታው ባለባቸው ዓይኖች የኮሮይድ የደም ፍሰት፣ በሽታው ከሌለባቸው በዕድሜ ከሚመሳሰሏቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር፣ በ37 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። እዚህ ላይ ዕድሜው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከበሽታው ጋር ነው። በ2005 ይኸው ቡድን በሽታው በከፋ ቁጥር ፍሰቱም እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳየ።

በ2010 ደግሞ ከቪየና የመጣ ጥናት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ተመራማሪዎቹ በአንድ ዓይናቸው ላይ ከባዱ የበሽታው ዓይነት የደረሰባቸውን ሰዎች መርጠው ገና ያልተጎዳውን ሁለተኛ ዓይን ተከታተሉ። የኮሮይድ ፍሰቱ ዝቅ ያለበት ዓይን በኋላ ለከባዱ ዓይነት የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ሆነ። በ2011 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ የአስከሬን ዓይኖች ምርመራ በበኩሉ ድሩዘን በበዛበት ዓይን ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን ደም ስሮች ሳስተው፣ አንዳንዶቹም ቅርፋቸው ብቻ ቀርቶ ባዶ ሆነው እንደሚገኙ አሳየ።

ስለዚህ «እርጅና ነው» የሚለው መልስ እዚህ ይወድቃል። በሽታው የራሱ አካሄድ አለው፤ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በመሣሪያ ይለካል፤ ማን ላይ ቶሎ እንደሚከፋም ከወዲሁ ፍንጭ ይሰጣል። የሚለካ ነገር ደግሞ የዕጣ ፈንታ ስም ሊሰጠው አይገባም።

የቱ ይቀድማል?

ሁለተኛው መልስ የሚጠብቀው እዚህ ጋ ነው። «ይኸው! የደም እጥረት ነው። ደሙን ጨምሩለት፣ ዓይኑ ይድናል።» ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ግን አንድ ደረጃ ዘሏል።

ወደ አንዲት የገጠር ከተማ የሚገባው የአይሱዙ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ እንበል። ከተማዋም እየደኸየች ነው። መንገዱ ስለተበላሸ ዕቃ ቀርቶባት ነው የደኸየችው? ወይስ ሰዉ ስለተሰደደ ነጋዴው ዕቃ መጫን አቁሞ ነው? ከሩቅ ሆኖ መኪና ለሚቆጥር ሰው ሁለቱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። መንገዱ ከሆነ ችግሩ፣ መንገድ መጠገን ነው። ሰዉ ሄዶ ከሆነ፣ አስፋልት ቢነጠፍም ከተማዋ አትመለስም።

የዓይኑም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በ2009 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በሽታው የጸናባቸውን የሟቾች ዓይኖች መርምረው ሁለት የተለያዩ ታሪኮች አገኙ። «ደረቅ» በሚባለው ዓይነት፣ ማለትም ማኩላ ቀስ በቀስ እየሳሳች በምትጠፋበት፣ መጀመሪያ የሞቱት የቀለም ሴሎቹ ይመስላሉ፤ ደም ስሮቹ የከሰሙት ተከትለው ነው። «እርጥብ» በሚባለው ዓይነት ግን የቀለም ሴሎቹ ገና በሕይወት ሳሉ ደም ስሮቹ ቀድመው ጠፍተዋል። አንድ ስም የተሰጠው በሽታ በአንዱ በር ከደም ወደ ሴል፣ በሌላው በር ከሴል ወደ ደም ይገባል ማለት ነው። «ደሙን ጨምር» የሚል አንድ እንክብል ለሁለቱም መልስ ሊሆን አይችልም።

ደም ያጣው ዓይን በደም ሲጠፋ

እርጥቡ ዓይነት ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። ኦክስጅን ያነሰው ሕብረ ሕዋስ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ይጮሃል። ጩኸቱ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራና ባልደረቦቹ በጄነንቴክ ኩባንያ ለይተው ያወጡት። ፕሮቲኑ አዳዲስ ደም ስሮች እንዲበቅሉ ያዛል። ትእዛዙ ይፈጸማል፤ የሚበቅሉት ስሮች ግን ግድግዳቸው የላላ፣ ቦታቸውን የሳቱ ናቸው። ከማኩላ ሥር ገብተው ውኃና ደም ያፈሳሉ። ለዓመታት ሳይታወቅ ደም ሲጎድለው የኖረው ዓይን፣ በሳምንታት ውስጥ በደም ይጠፋል።

በ2006 ፈቃድ ያገኘው ራኒቢዙማብ የተባለው መርፌ የዚህን በሽታ ታሪክ ቀየረ። ፈቃዱን ካስገኙት ጥናቶች በአንዱ፣ መርፌውን በየወሩ ከወሰዱት 95 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ጉልህ የእይታ መቀነስ አልደረሰባቸውም፤ ካልወሰዱት መካከል ግን እንዲህ የተረፉት 62 በመቶ ብቻ ናቸው። መርፌው የሚሠራው ምንድን ነው? ደም አይጨምርም። ያንን ፕሮቲን አፍኖ አዲስ ደም ስር እንዳይበቅል ይከለክላል።

በዚህ በሽታ ላይ እስካሁን ከተገኙት ሁሉ ኃይለኛው መድኃኒት የደም ስርን እድገት የሚገታ ነው። «የደም ዝውውር የሚያፋጥን» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ ይህን ማስታወስ ይበቃል።

ለደረቁ ዓይነትም ቢሆን በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሁለት መርፌዎችን ፈቅዷል። ሁለቱም የሚነኩት ኮምፕሊመንት የተባለውን የሰውነት መከላከያ ሥርዓት እንጂ የደም ፍሰትን አይደለም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለ አንድ ጂን ከበሽታው ጋር በጥብቅ መያያዙ የታወቀው በ2005 ነበር። መርፌዎቹ ጉዳቱን ያዘገያሉ፤ የጠፋውን አይመልሱም።

ተሞክሮ የወደቀ ተስፋ

«ታዲያ ለምን አይሞከርም?» የሚል ይኖራል። ተሞክሯል። በ2000ዎቹ በአሜሪካ ሚራ-1 በተባለ ጥናት የሕመምተኛውን ደም ከሰውነት አውጥቶ ወፋፍራም ፕሮቲኖችንና ስብን በማጣሪያ እየለዩ መመለስ ተሞከረ። ሐሳቡ ደሙ ሲቀጥን በቀጫጭኖቹ የኮሮይድ ስሮች ውስጥ ይሻላል የሚል ነበር። በጥናቱ የተካተቱት ሕመምተኞች ሁሉ ተደምረው ሲሰሉ ግን ከማስመሰያው ሕክምና ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት የሰጠው የድሩዘን ታሪክ ነው። ድሩዘን የበሽታው ምልክት ከሆነ፣ በሌዘር ቢመታ ይጠፋል፤ ከጠፋ በሽታው ይቆማል ተባለ። በእርግጥም ድሩዘኑ በሌዘር ሲመታ ይቀንሳል። ከ1,000 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2006 ውጤቱ የታወቀው ጥናት ግን ሌዘር የተደረገለትና ያልተደረገለት ዓይን በእይታ እንደማይለያዩ አሳየ። ምልክቱ ሄዷል፤ በሽታው አለ። የደም ፍሰት ቁጥርም እንደዚያው ነው። ቁጥሩን ከፍ ማድረግና ዓይኑን ማዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው የራሱ ማስረጃ ይፈልጋል።

በየቴሌግራም ገጹና በየቲክቶኩ «ለዓይን የደም ዝውውር» እየተባለ የሚሸጠው ዱቄትና ጠብታ ይህን ማስረጃ አላቀረበም። ያቀረበው ያገገሙ ሰዎችን ምስክርነት ነው። ይህ በሽታ ደግሞ ለምስክርነት የተመቸ ነው፤ ለዓመታት ባለበት ሊቆም ይችላል፣ አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፣ ሞራው የተገፈፈለት ሰው ደግሞ «እንክብሉ ነው ያበራልኝ» ሊል ይችላል።

ከውጭ አገር የሚላኩት ቫይታሚኖችም እዚህ ይነሳሉ። ከዋሽንግተንም ይሁን ከቴል አቪቭ ለእናት ለአባት የዓይን ቫይታሚን ጭኖ መምጣት የተለመደ የፍቅር ሥራ ነው። ከእነዚህ መካከል በትልቅ ጥናት የተፈተነ አንድ ቀመር አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም የተመራውና በ2001 ይፋ የሆነው ኤሬድስ የተባለው ጥናት፣ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ቤታ ካሮቲን፣ ዚንክና መዳብ በአንድነት ሲወሰዱ ወደ ከባዱ ደረጃ የመሸጋገርን ዕድል በአምስት ዓመት ውስጥ በ25 በመቶ ያህል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ጥቅሙ ግን ሁለት ገደብ አለው። የሠራው በሽታው መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሰባቸው ወይም አንድ ዓይናቸው ለከፋባቸው ነው፤ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ቢውጠው በሽታው እንዳይጀምረው አይከለክልም። ሁለተኛ፣ ቤታ ካሮቲን በአጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰርን ስለሚያባብስ በ2013 በወጣው ተከታይ ጥናት ሉቲንና ዚያዛንቲን ተተክተውበታል። ስለዚህ ሻንጣ ውስጥ ከመክተት በፊት ዓይኑን ያየ ሐኪም አለ ወይ? ብልቃጡ ላይ ቤታ ካሮቲን የሚል አለ ወይ? ብሎ መጠየቅ ከፍቅሩ አይቀንስም።

የ50 ዶላርና የ2,000 ዶላር መርፌ

«ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ወሬ ነው» የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። ግማሹ ዓይነ ስውርነት በሞራ በሚመጣበት አገር፣ በ20 ደቂቃ ቀዶ ሕክምና ብርሃን ማግኘት የሚችል ሰው ወረፋ እየጠበቀ፣ ስለ ማኩላ መርፌ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ሞራ ይቀድማል የሚለው ትክክል ነው። ማኩላ አይቆጠር የሚለው ግን አይከተልም። ለምን ቢባል፣ ሞራው ተገፎለት ማኩላው የተጎዳ ሰው ብርሃን አያገኝም፤ ሁለቱንም ያላየ ምርመራ ገንዘቡንም ተስፋውንም ያባክናል።

የዋጋው ታሪክም ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ከራኒቢዙማብ ቀደም ብሎ፣ በ2004፣ ቤቫሲዙማብ የተባለ የዚያው ኩባንያ መድኃኒት ለአንጀት ካንሰር ተፈቅዶ ነበር። የሚያፍነው ያንኑ ፕሮቲን ነው። በ2005 በማያሚ የዓይን ሐኪሙ ፊሊፕ ሮዘንፌልድ ጥቂቱን ቀንሰው ለዓይን ሞከሩት፤ ሠራ። የካንሰሩ መድኃኒት ለዓይን ሲከፋፈል የአንድ መርፌ ዋጋ 50 ዶላር ገደማ፣ ለዓይን ተብሎ የተሠራው ደግሞ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለቱን የማወዳደር ጥቅም ያልታየው ኩባንያው ስለነበር ጥናቱን የከፈለው የአሜሪካ መንግሥት ሆነ። በ2011 ውጤቱ ወጣ፦ በአንድ ዓመት ውስጥ በእይታ ላይ ያመጡት ለውጥ እኩል ነው። በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት ቤቫሲዙማብን ለዓይን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። በ2014 ደግሞ የጣሊያን የንግድ ውድድር ባለሥልጣን ሐኪሞች ርካሹን እንዳይጠቀሙ ተመሳጥራችኋል ብሎ ሮሽንና ኖቫርቲስን በድምሩ ከ180 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቀጣ።

ርካሹ መንገድ እንከን የለውም ማለት አይደለም። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ መርፌ ሲከፋፈል ንጽሕናው ካልተጠበቀ አደጋ ነው፤ በ2011 በፍሎሪዳ በተበከለ አከፋፈል ምክንያት ሰዎች ዓይናቸውን አጥተዋል። መርፌውም አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚያበቃ አይደለም፤ በየወሩ ወይም በየጥቂት ሳምንቱ ይመላለሳል። ለወሎ ገበሬ ከመርፌው ይልቅ የትራንስፖርቱና የማደሪያው ዋጋ ሊከብድ ይችላል። እንግዲህ የሚጎድለው መድኃኒቱን መግዛት ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ አከፋፋይ ፋርማሲ፣ ሬቲና የሚያውቅ ሐኪምና ከአዲስ አበባ ውጭ የሚገኝ አገልግሎት ነው። እነዚህ የፖሊሲ ጥያቄዎች ናቸው። «እርጅና ነው» የሚለው መልስ ፖሊሲ አውጪውንም ከጥያቄው ያድነዋል።

ገንዘብ የማይጠይቀው

የደም ፍሰት ጥናቶቹ ትልቁ ትምህርት እንክብል አይደለም፤ ጊዜ ነው። በሽታው ከመክፋቱ በፊት ረጅም ዓመታት ይሰጣል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሚሠሩት ነገሮች ደግሞ አብዛኞቹ ነጻ ናቸው።

አንደኛው ሲጋራ ነው። የሚያጨስ ሰው ለዚህ በሽታ የመጋለጥ ዕድሉ ከማያጨሰው ከ2 እስከ 4 እጥፍ ነው። ዕድሜንና ዘርን መቀየር አይቻልም፤ ይህ ግን በእጅ ያለ ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል፣ በፓኬቱ ላይ የሥዕል ማስጠንቀቂያም ያዝዛል። ሳንባውን የሚያስብ አጫሽ ብዙ ነው፤ ዓይኑን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ምግብና ግፊት ነው። ጎመንና መሰል አረንጓዴ ቅጠሎች ሉቲን የተባለውን የማኩላ ቀለም ይሰጣሉ። የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ድርሻ እንደ ሲጋራው ጥርት ብሎ ባይታይም፣ ለልብና ለአንጎል ሲባል የሚደረገው ክትትል ዓይንንም አይጎዳም።

ሦስተኛው አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ምርመራ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው የማንበቢያ መነጽሩን አድርጎ አንድ ዓይኑን በእጁ ይሸፍንና ባለ መስመር ወይም ባለ አራት ማዕዘን ደብተር ይመልከት። ከዚያ ሌላውን ዓይን ሸፍኖ ይድገም። ቀጥ ያለው መስመር ከተጣመመ፣ ከተሰበረ ወይም መሃሉ ላይ ጥላ ካረፈበት ነገሩ የመነጽር ጉዳይ አይደለም። ደብተር ከሌለ የበር መቃን ወይም የመስኮት ብረት ይበቃል። አንድ ዓይን መሸፈኑ ግዴታ ነው፤ በሁለት ዓይን ሲታይ ጤነኛው የታመመውን ይደብቀዋል።

መስመሩ በድንገት ከተጣመመ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ዓመት ሳይሆን ለዚህ ሳምንት ነው። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ተረት ለዚህ በሽታ ቃል በቃል ይሠራል። እርጥቡ ገና እርጥብ ሳለ መርፌ አለው። ደርቆ ጠባሳ ከሆነ በኋላ ግን በአዲስ አበባም ሆነ በኒው ዮርክ የሚመልሰው ሐኪም የለም።

ከመንግሥትም የሚጠበቀው መነሻ ውድ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤት ለቤት ጉብኝቷ የደም ግፊት ስትጠይቅ «አንድ ዓይንዎን ሸፍነው ይህን መስመር ይመልከቱ» የሚል አንድ ካርድ ብትይዝ፣ ሞራ የሚያነሳው ቡድን ማኩላውንም አይቶ ቢመዘግብ፣ በሽታው በአማርኛና በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች አንድ የጋራ ስም ቢወጣለት፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተቆጠረው 4.8 በመቶ ዛሬ ስንት እንደደረሰ ይታወቃል። ዕድሜ ሲረዝም ቁጥሩ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም።

እስከዚያው ድረስ ግን ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለው አለ። «መሃሉ አይታየኝም» የሚል አዛውንት ሲገኝ ማጽናኛም እንክብልም ከመስጠት በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ፦ «በየትኛው ዓይንዎ? ከመቼ ጀምሮ?» መልሱ «ካለፈው ሳምንት» ከሆነ፣ ያ ሰው ያረጀ ሰው ብቻ አይደለም። ገና ሊድን የሚችል ዓይን ያለው ሰው ነው።